«ወንጀለኛ» እና «ጎሜ»፦ የጥፋት ስሞች በጋሞ ምድር

በስውር የወሰደ ሌባ፣ በኃይል የቀማ ወንበዴ፣ ሕይወት ያጠፋ ነፍሰ ገዳይ ይባላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ስርቆት በአንቀጽ 665፣ ውንብድና በአንቀጽ 670 ለየብቻ ተቀምጠዋል።

ይህ አከፋፈል ከሩቅ የመጣ ነው። የ1949ኙን ሕግ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ አረቀቁት፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ስሙም «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር። ከጥፋቱ ይልቅ ሰውየውን የሚጠራ ስም ነው። በ1996 «የወንጀል ሕግ» ተባለ።

በጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ሲቀመጡ የሚያነሱት ቃል ሌላ ነው፦ ጎሜ። ጎሜ የተጣሰ ክልክል ነው። መዘዙ ከአጥፊው አልፎ ለቤተሰቡ፣ ለከብቱና ለአዝመራው ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ጥፋቱ ተነግሮ እርቅ ካልወረደ አይጠራም።

መስከረም 2011 በቡራዩ ጋሞዎች ሲገደሉ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ፖሊስ በአብዛኛው የሚደርሰው ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። እነዚያ አባቶች ግን ድንጋዩ ሳይወረወር እጅ ያዙ።

ሽማግሌ ፍርድ ቤትን ይተካ ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህላዊ ሕግ በር የከፈተው በተከራካሪዎች ፈቃድ፣ ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው። በእርቅ ስም ተበዳይ አፉ ሊያዝ አይገባም።

ነገር ግን እስሩን የጨረሰ ሰው ሰፈሩ ሲመለስ ዛሬም «ሌባው» ነው። ሕጉ ቅጣቱን ቆጥሮ ያበቃል፤ ሰውየው እንደገና ጎረቤት የሚሆንበት መንገድ ግን ያለው ዱቡሻው ላይ ነው።