ሰው ሰጥቶ ከሰል መቀበል፦ ጣሊያኖች በቤልጂየም ጉድጓዶች

እኛ አገር "ጣሊያን" ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ወራሪው ነው። አርበኞች፣ የመርዝ ጋዝ፣ የካቲት 12። ግን ያቺው አገር ከኢትዮጵያ ተሸንፋ በወጣች በ5 ዓመቷ የገዛ ልጆቿን በድንጋይ ከሰል ለውጣለች። ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ አያውቀውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጣሊያኖች ድሮም ተሰዳጅ ነበሩ። ከ1876 እስከ 1976 ባሉት 100 ዓመታት 26 ሚሊዮን ገደማ ሰው ከአገሩ ወጥቷል። አሜሪካ፣ አርጀንቲና፣ ብራዚል፣ ፈረንሳይ ያልሄዱበት የለም። የተመለሰውም ብዙ ነው። የቤልጂየሙን የሚለየው ግን መንግሥት ራሱ ደላላ ሆኖ መግባቱ ነው።

ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያለቀበት ነው። ቤልጂየም ከሰል አላት፣ የሚቆፍርላት ሰው ግን የላትም። የአገሩ ሰው ጉድጓድ መግባት ጠልቷል። ለጊዜው የጀርመን ምርኮኞችን ብታሠራም እነሱም ወደ አገራቸው መመለሳቸው አይቀርም። ጣሊያን በተቃራኒው ሥራ አጥ ሞልቷታል፣ ፋብሪካዋን የምታንቀሳቅስበት ከሰል ግን የላትም። ሰኔ 23 ቀን 1946 ሁለቱ ተፈራረሙ። ጣሊያን 50,000 ሠራተኛ ትልካለች፣ በሳምንት 2,000። ቤልጂየም ደግሞ በሄደው ሰው ልክ እየሰላች ከሰል ትሸጥላታለች።

ከዛ በየመንደሩ ሮዝ ቀለም ያለው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ደመወዙ፣ የቤተሰብ አበሉ፣ የዓመት ፈቃዱ፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። ስለ ሥራው አደገኛነት ግን ምንም የለበትም። (ዓረብ አገር የሄደ ዘመድ ያላችሁ ይሄ ነገር አዲስ አይሆንባችሁም።) ከ35 ዓመት በታች የሆነና ጤነኛ ሰው ሚላኖ ላይ ተመርምሮ ባቡር ይሳፈራል። ቤልጂየም ሲደርስ በየማዕድኑ ይከፋፈላል። አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ናቸው፤ እርሻ እንጂ ጉድጓድ አይተው አያውቁም። መጀመሪያ ቀን አሳንሰሩ ብዙ መቶ ሜትር ወደ ታች ሲወረወር ደንግጠው "አልገባም" ያሉ ነበሩ። ኮንትራቱን ያፈረሰ ግን ተይዞ ይታሰርና ወደ አገሩ ይባረራል።

ማደሪያቸው ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ምርኮኞች የታጎሩበት ካምፕ ነበር። በበጋ የሚያቃጥል፣ በክረምት የሚያንዘፈዝፍ የቆርቆሮ ቤት። ውሃና ሽንት ቤት ውጭ ነው፣ ያውም ለብዙ ሰው በጋራ። ሚስትና ልጆች ሲከተሉም የገቡት እዛው ነው። ተሻሽሎ ቤት የሚከራይ ሲፈልጉ ለውጭ ዜጋ አናከራይም የሚል ጽሑፍ ይጠብቃቸው ነበር። ሴቶቹ የራሳቸውን ቤት አስተዳድረው ለወንደላጤ ሠራተኞች ምግብ ያበስላሉ፣ በከሰል የጠቆረ ልብስ ያጥባሉ። ይሄ ሥራ በየትኛውም ኮንትራት ላይ አልተጻፈም።

ነሐሴ 8 ቀን 1956 ጠዋት። ቦታው ሻርለርዋ ከተማ አጠገብ ያለው ማርሲኔል፣ የማዕድኑ ስም ቧ ዱ ካዝየ። 975 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሰል የጫነ ጋሪ ወደ አሳንሰሩ ሲገፋ በትክክል አልገባም፣ ጫፉ ውጭ ቀርቷል። ከላይና ከታች ያሉት ሠራተኞች አልተግባቡም፤ አሳንሰሩ በዛው ሁኔታ ተነሳ። የወጣው ጋሪ ከብረት ድጋፍ ጋር ተጋጭቶ የኤሌክትሪክ ገመዱንና የዘይት ቧንቧውን በጠሰ። ዘይቱ ተቀጣጠለ። አየር ማስገቢያው ደግሞ ጭሱን በየዋሻው አዳረሰው። አብዛኞቹን የገደላቸው እሳቱ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

በዛ ጠዋት ከወረዱት 275 ሰዎች የተረፉት 13 ብቻ ናቸው። ሟቾቹ 262 ሲሆኑ የ12 አገር ዜጎች ነበሩ፤ 136ቱ ጣሊያኖች፣ 95ቱ ቤልጂየማውያን። ማኖፔሎ ከምትባል አንዲት ትንሽ የአብሩዞ ከተማ ብቻ ከ20 በላይ ሰው ሞቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ አንዱ ይሄድና ወንድሙን ይጠራል፣ ወንድሙ ጎረቤቱን። ሚስቶችና እናቶች ከአጥሩ ውጭ 2 ሳምንት ጠበቁ። ነሐሴ 23 ቀን ከጉድጓዱ የወጣ አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ በጣሊያንኛ "ሁሉም ሬሳ" አለ። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ጥፋተኛ ያለው አንድ ኢንጂነር ብቻ ነው፤ ቅጣቱም የታገደ የ6 ወር እስራት። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ከአደጋው የተረፉትን ማዕድን ቆፋሪዎች የጨረሳቸው ደግሞ አቧራው ነው። ሲሊኮሲስ ይባላል፣ የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ያደርቀዋል። ገና 40 ዓመት ሳይሞላው ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው ነበር። ጣሊያን ይሄን በሥራ የሚመጣ በሽታ ብላ የተቀበለችው በ1943 ነው። ቤልጂየም ግን እስከ 1964 ጠበቀች፤ እስከዛ ድረስ የታመመው ካሳ የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም።

ልጆቹስ? ከኮሚሶ ሲሲሊ በ1947 የሄደ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ዘፋኙ ሳልቫቶሬ አዳሞ ሆነ። ሌላው የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ኤሊዮ ዲ ሩፖ ከ2011 እስከ 2014 የቤልጂየም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። እነዚህ ግን ስማቸው የወጣላቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ልጆች አባቶቻቸውን ተከትለው እዛው ጉድጓድ ወርደዋል።

ከማርሲኔል በኋላ ጣሊያን ወደ ቤልጂየም ማዕድን ሰው መላክ አቆመች። ቤልጂየምም ፊቷን ወደ ስፔንና ግሪክ አዞረች፣ በ1964 ደግሞ ከሞሮኮና ከቱርክ ጋር ተመሳሳይ ስምምነት ፈረመች። ቧ ዱ ካዝየ በ1967 ተዘጋ፣ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የአገሪቱ የመጨረሻው የከሰል ማዕድን የተዘጋው ደግሞ በ1992 ነው።