ከካዛንቺስ ጭቃ እስከ አሉሚኒየም፤ ስለ መቀላቀል ጥበብ አጭር ታሪክ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሆል የተባለ አሜሪካዊና ኤሩ የተባለ ፈረንሳዊ፥ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፥ አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ ኀይል በርካሽ የማውጣትን ዘዴ አገኙ። እንግዲህ ከተማችንና ርካሹ አሉሚኒየም እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። እኔም የሁለቱን ነገር አንድ ላይ ለመጻፍ ያሰብሁበት ምክንያት አንድ የጭቃ ጓል ነው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ከሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው። በዚያ አካባቢና በቂርቆስ ሕዝቡ የሠራቸው ብዙዎቹ ቤቶች ግን የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ ነበሩ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር እየተረገጠ ለቀናት ይቦካል፤ ጭዱም ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል።

በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ከወደቀ ግድግዳ ሁለት ጓል አነሣሁ። ጭዱ በሁሉም ስፍራ እኩል የተበተነበት በእጄ አልሰበር አለ፤ ጭዱ በአንድ ስፍራ ተቋጥሮ የቀረበት ግን ወዲያው ተፈረፈረ። በአጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ አይተው «ልጄ፥ ይኸኛው በደንብ አልተረገጠም» አሉኝ።

የብረታ ብረት ሊቃውንትም ያጋጠማቸው ችግር ይኸው ነው። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለ ሆነ በፍትጊያ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ እንደ ሲሊከን ካርባይድ ያለ ጠንካራ የሴራሚክ ዱቄት ይጨምሩበታል። ዱቄቱ ግን ከቀለጠው አሉሚኒየም ጋር በቀላሉ አይዋሐድም፤ ሲደቅ እርስ በርሱ ይጓጉላል፤ ከአሉሚኒየሙም ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል። ስንጥቅም የሚጀምረው ከጓጎለበት ስፍራ ነው። መድኀኒቱም ዱቄቱን አስቀድሞ በማጋል እርጥበቱን ማስወገድ፥ ጥቂት ማግኒዥየም መጨመር፥ በሚገባ ማማሰልና ፈጥኖ ማቀዝቀዝ ነው። የጃፓኑ ቶዮታ በ1975 ዓ.ም. ገደማ ለናፍጣ ሞተር ፒስተን ሌላ መንገድ ተከተለ፤ ይኸውም የሴራሚኩን ክር አስቀድሞ አበጅቶ ቀልጦ የተዘጋጀውን አሉሚኒየም በግፊት ማስገባት ነው። ይህስ እንጨቱ ቀድሞ ቆሞ ጭቃው በኋላ የሚመረግበትን ቤታችንን አይመስልምን?

እንግዲህ ጥንካሬ የሚገኘው ጠንካራውን ነገር በመጨመር ብቻ ሳይሆን እኩል በመበተን ነው። ያን ጭቃ የረገጡ ሰዎች ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ቤቶቻቸውም ፈርሰዋል። ከእኛ መካከል ነገ የብረታ ብረትን ትምህርት የሚማር ቢኖር፥ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ሄዶ ይጠይቃቸው።