ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የማን ነው?

በየሳሎኑ፣ በየቢሮው መቀበያና በየሆቴሉ ኮሪደር የመልክዓ ምድር ሥዕል ኅትመት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ገዢው «ሥዕል ገዛሁ» ይላል፤ ሻጩም «ሥዕል ሸጥኩ» ይላል። ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ይህ አነጋገር ይከነክነኛል። የተሸጠው ምኑ ነው? ወረቀቱ? ምስሉ? ወይስ ምስሉን የማባዛት መብት? ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ባለቤታቸውም ሦስት የተለያየ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩን በአንድ ሥዕል እንየው። ኔዘርላንዳዊው ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1889 የበጋ ወራት፣ በደቡብ ፈረንሳይ ሳን ሬሚ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ሳለ «የስንዴ ማሳ ከጥዶች ጋር» የሚባለውን ሥዕል ሠራ። የበሰለ ስንዴ፣ ሰማዩን የሚነካ ጥቁር አረንጓዴ ጥድ፣ የሚጠማዘዝ ደመና ይታይበታል። ጥዱ እኛ «የፈረንጅ ጥድ» የምንለው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው።

ይህ ሥዕል አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ዛሬ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ሠዓሊው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ እንደገና ሣለው፤ ይኸኛው ከ1923 ጀምሮ የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ንብረት ነው። አነስ ያለ ሦስተኛ ደግሞ ለእናቱና ለእህቱ ሠራላቸው። ስለዚህ ለቤት የሚሆን ቅጂ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሠዓሊው ራሱ አድርጎታል። ልዩነቱ እሱ ሦስቱንም በእጁ መሣሉ ነው።

ቫን ጎግ የሞተው በ1890 ነው። የማባዛት መብቱ ዘመን ካበቃ ቆይቷል። ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም ከፌብሩዋሪ 2017 ወዲህ የዚህን ሥዕል ጥራት ያለው ፎቶግራፍ ማንም ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምበት ለቋል። አንድ የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ1999፣ የመብት ዘመኑ ያለፈ ሥዕልን እንዳለ የሚገለብጥ ፎቶግራፍ አዲስ መብት አይፈጥርም ሲል ወስኗል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 መመሪያው ይህንኑ መርህ ተቀብሏል። እንግዲህ የዚህ ሥዕል ኅትመት ሲገዛ የሚከፈለው ለወረቀቱ፣ ለቀለሙ፣ ለፍሬሙና ለባለሙያው ድካም ነው። ከዚያ በላይ የሚጠየቅ ዋጋ ምክንያቱ ሊነገረን ይገባል።

የአገራችንን ሠዓሊያን ሥራዎች በተመለከተ ነገሩ ሌላ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሠዓሊው በሕይወት ዘመኑ፣ ለወራሾቹ ደግሞ ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1981፣ አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ በ2012 ነው። የሁለቱም ዘመን ገና አላለቀም። በሕይወት ያለው ሠዓሊማ ምን ይባላል! የጣና ዳርቻን ወይም የስሜንን ተራራ የሣለ ሰው፣ ሥራው ከኢንተርኔት ተለቅሞ በሸራ ላይ ታትሞ ሲቸበቸብ ዋጋ የሚያጣው ያ ኅትመት ብቻ አይደለም፤ ነገ ሊሸጠው ያሰበው ዋናው ሥዕልም ጭምር ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያደናግር ነጥብ አለ። ዋናውን ሥዕል መግዛት የማባዛት መብቱን መግዛት አይደለም። ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለው ሰው ሊያየው፣ ሊያወርሰው፣ ሊሸጠው ይችላል፤ አሳትሞ ሊነግድበት ግን የሠዓሊው ፈቃድ ያስፈልገዋል። አዋጁ ግለሰብ ለግል መጠቀሚያው ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያደርግ በር ከፍቷል። ያ በር ለቤት እንጂ ለሱቅ አይደለም። የሞራል መብትም አለ፤ ሠዓሊው ስሙ እንዲጠቀስና ሥራው እንዳይዛባ መጠየቅ ይችላል። ሥዕሉን ከሶፋው ቀለም ጋር እንዲስማማ መለወጥ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም።

ለገዢ ደግሞ ጥቂት ተግባራዊ ነገሮች ልጨምር። የሜትሮፖሊታኑ ሥዕል 73.2 በ93.4 ሴንቲሜትር ነው። ይህን 50 በ70 የሆነ ፍሬም እንዲሞላ ካደረጉት፣ ከላይና ከታች በድምሩ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ይቆረጣል፤ ከደመናው ወይም ከስንዴው አንዱ ይጎዳል። 40 በ50 ግን ከሞላ ጎደል ልኩ ነው። በዚህ መጠን በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንዲታተም የምስሉ ፋይል በወርዱ 5,900 ያህል ፒክስል ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ብዙ ካነሰ የብሩሹ ዱካ ይደበዝዛል። ቀለሙ «ፒግመንት» ይሁን ተራ ቀለም ይጠይቁ፤ ፒግመንቱ ብርሃንን የተሻለ ይቋቋማል። ያም ሆኖ ቀጥተኛ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አይስቀሉት። «ጂክሌ» የሚለው ማራኪ ስምም በረቀቀ የኢንክጄት ማተሚያ የተሠራ ኅትመት ማለት እንጂ የእጅ ሥዕል ማለት አይደለም። ሠዓሊው ራሱ እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ ሠርቶ ያተመው፣ ፈርሞ ቁጥር የሰጠው ሥራ ግን ራሱን የቻለ ፈጠራ ነው፤ ከፎቶ ቅጂ ጋር አይደባለቅም።

እኔ ኅትመትን አልቃወምም። ኒውዮርክ ሄዶ ያንን ማሳ ለማየት ያልታደለ ሰው ቤቱ ቢያየው ምን ክፋት አለው? የምጠይቀው ኅትመቱ ስለ ራሱ እውነቱን እንዲናገር ነው። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት ሦስት ጥያቄ እናንሳ፦ የሣለው ማን ነው? ዋናው የት ነው? የማባዛት ፈቃዱን ማን ሰጠ? ለሦስተኛው መልስ የሌለው ሻጭ፣ ሠዓሊው በሕይወት ካለ ወይም ከሞተ 50 ዓመት ካልሞላው፣ የሚሸጥልን የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሠዓሊውን አፈላልጎ ከእሱ ወይም እሱ ከፈቀደለት መግዛት ይሻላል።