ከጓዳ ያወጣን ምት

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የመጨረሻው ልጄ ኦቲዝም አለበት። እዚሁ ሳንሱሲ እየኖርን እስከ ስድስት ዓመቱ ድረስ ከግቢ አላወጣሁትም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አስገባው ነበር። «የማን እርግማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ፈርቼ ነው። ዛሬ የምጽፈው ሌሎች ወላጆች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደተሻገሩትና የጋራ ሙዚቃ በዚያ መንገድ ላይ ምን ድርሻ እንደነበረው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥፋቱን እናት ላይ መጣል የእኛ አገር ነገር ብቻ አልነበረም። በ1943 አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች በጻፈው ጽሑፍ ኦቲዝምን አስተዋወቀ። ከልጆቹ አንዱ ገና በአንድ ዓመት ተኩሉ 18 ሲምፎኒዎችን ለይቶ ያውቅ እንደነበር እናቱ ለሐኪሙ ተናግራለች። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ባለሙያዎች ኦቲዝም የሚመጣው ከእናት ፍቅር መጉደል ነው ይሉ ነበር። ይህን ሐሳብ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ የሞገተው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበር።

በአገራችንም በሩን የከፈቱት እናት ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ያቋቋሙ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት። በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ከፊደላችን ድምፆች ተነሥተውም ለልጆቹ ንግግር ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። ኋላም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል በወላጆች ጥረት ተቋቋመ። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 አረፉ። ስለ ልጃቸው በአደባባይ በመናገራቸው የጓዳቸውን በር የከፈቱ እናቶች ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዷ ነኝ።

ወደ ሙዚቃው ልምጣ። በ1959 የሙዚቃ ደራሲው ፖል ኖርዶፍና መምህሩ ክላይቭ ሮቢንስ እንግሊዝ አገር አብረው መሥራት ጀመሩ። ልጁ ሲያለቅስ ዝም በል አይሉትም፤ ኖርዶፍ የልቅሶውን ድምፅ ተከትሎ በፒያኖ ይመልስለታል። ልጁም ከበሮ ሲመታ ፒያኖው ይከተለዋል። ቃል ሳይኖር ንግግር ተጀመረ ማለት ነው።

ቀጥሎ መሣሪያዎቹ ተለወጡ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ዊሊያምስ ሳውንድቢም የተባለውን መሣሪያ ሠራ፤ እጅን በአየር ላይ ሲያንቀሳቅሱ ድምፅ ይሰጣል። ባርሴሎና ውስጥ ደግሞ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሪአክቴብል የተባለ ክብ ጠረጴዛ ተሠራ። ገበታው ከውስጥ ይበራል፤ ሰዎች እንደ መሶብ ከበውት ትንንሽ ቁሶች ሲያስቀምጡበት ድምፅ ይወጣል። በ2012 ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ተራ መጠበቅንና ዕቃ መቀባበልን ሲለማመዱ ያዩትን አሳተሙ። እዚህ ዓይን ለዓይን መተያየት ግዴታ አይደለም፤ ጓደኛህ ያደረገው ነገር ወዲያው በጆሮህ ይገባል። ቁሱን ካነሣው ድምፁ ይጠፋል፤ ስለዚህ ልጁ ጎኑ ያለውን ሰው ልብ ይለዋል።

እውነቱን ሁሉ መናገር አለብኝ። በ2017 በታተመና በ9 አገሮች 364 ልጆች በተሳተፉበት ጥናት የሙዚቃ ሕክምና በዋናው የማኅበራዊ ግንኙነት መለኪያ ልዩነት አላሳየም። በ2022 ደግሞ 26 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ በጠቅላላ ሁኔታቸው መሻሻል የማየት ዕድል ከፍ እንደሚል ገልጿል። እንግዲህ ሙዚቃ ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት አይደለም። አብሮ ለመሆን ግን ምክንያት ይሰጣል።

በእኔ ቤት የሚበራ ጠረጴዛ የለም፤ ያለው ቢጫ ጄሪካን ነው። አንድ የክረምት ማታ መብራት ጠፍቶ ልጄ ባዶውን ጄሪካን ይደበድብ ነበር። እህቱ ከማዶ ሆና ሁለት ጊዜ ግድግዳውን መታች። ልጄ ቆመ። ጠበቀ። ከዚያ ሁለት ጊዜ መለሰላት። ስሙን ስንጠራው የማይዞር ልጅ ያን ማታ ተራውን ጠበቀ። በኋላ ያገለገለ ኪቦርድ ከዘመድ አገኘን። እሱ የምቱን ቁልፍ ይጫናል፣ እህቱ ዜማውን ትጫወታለች። ምቱን ሲያጠፋባት እሷ እጇን ታነሣለች፤ እሱ ይስቃል። አሁን የጎረቤት ልጅም እየመጣ ሦስተኛ ሆኗል። ልጄ ዛሬም ብዙ አይናገርም፤ ልጁ የሚመጣበትን ሰዓት ግን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የማኅበራችን ከበሮ ለሠርግና ለበዓል ካልሆነ ከተሰቀለበት አይወርድም። ከቁጠባ ስብሰባችን በኋላ ለአንድ ሰዓት ይውረድልን። ደጋፊዎቻችንም ያገለገለ ኪቦርድ ካላችሁ አትጣሉት። ድምፁን ዝቅ እናደርጋለን፤ ከፍተኛ ድምፅ የሚያስጨንቃቸው ልጆች አሉና። መውጣት የፈለገ ይወጣል፤ ማንም አይገደድም።

በጓዳችሁ ልጅ ያለ እናቶች፣ ይዛችሁት ኑ። የማን እርግማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱን እኔ እሰጠዋለሁ።