ሲዲ ማጫወቻ ወይስ ሚሞሪ? ኤደን ላለሽ እህታችን የሚያዋጣሽ የቱ ነው?

እህቴ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ወጥ ቤቱ ተጸድቶ፣ በሩን ዘግተሽ አንድ ዘፈን ወይም መዝሙር ስትከፍቺ ድካምሽ እንደሚቀል ታውቂዋለሽ። ከአገር ቤት ስትመጪ ሲዲ በሻንጣሽ ይዘሽ መጥተሽ ይሆናል። ወይም ደግሞ ገበያ ወርደሽ የሲዲ ማጫወቻና በሚሞሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር ጎን ለጎን አይተሽ "የቱ ይሻለኛል?" ብለሽ አመንትተሻል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ኤደን ካለው ኑሮ ጋር እያነጻጸረ ያሳይሻል። ገንዘብሽ በላብሽ የመጣ ነውና አንድ ጊዜ ገዝተሽ ብዙ ጊዜ እንድትጠቀሚበት ነው ሐሳባችን።

አጭሩ መልስ

አዲስ ዕቃ የምትገዢ ከሆነ ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ የሚያነብ፣ ባትሪ ያለው ትንሽ ስፒከር ይሻልሻል። ሲዲ ካለሽ ግን አትጣዪው። ዘፈኖቹን ወደ ሚሞሪ አስገልብጪና ሲዲውን በንጹሕ ቦታ አስቀምጪው። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንየው።

ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?

ሲዲ ፊሊፕስና ሶኒ የሚባሉት ኩባንያዎች አብረው የሠሩት ሲሆን ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። የተለመደው የሙዚቃ ሲዲ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ይይዛል፤ ይህም ከ12 እስከ 15 ዘፈን ማለት ነው። ማጫወቻው ሲዲውን እያሽከረከረ በጨረር ያነበዋል። ስለዚህ የሚሽከረከር ሞተርና ንጹሕ መሆን ያለበት ትንሽ መስታወት አለው።

ሁለተኛው ዘፈኑን እንደ ፋይል መያዝ ነው። በብዛት የምናገኘው ፋይል ኤምፒስሪ ይባላል፤ ድምፁን ጨምቆ ትንሽ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። የ5 ደቂቃ ዘፈን በመካከለኛ ጥራት 5 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። በዚህ ሒሳብ 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ወደ 3,000 ዘፈን ይይዛል። ያንን ሁሉ በሙዚቃ ሲዲ ልያዘው ብትዪ ከ200 በላይ ሲዲ ያስፈልግሽ ነበር። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ብትሮጪም ብትጥዪውም አይዘልም።

መብራትና ባትሪ

ኤደን ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚታሰበው የመብራት ነገር ነው። በተለይ በሙቀቱ ወራት መብራት ለረጅም ሰዓት ይጠፋል። ሲመጣም አንዳንዴ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል። ብዙ ቤት ሶላርና ባትሪ አለው፤ እሱ ግን ለቤቱ አምፖልና ማራገቢያ እንጂ ለአንቺ ሙዚቃ አልተቀመጠም። የአሠሪሽን ባትሪ ጨርሰሽ ማራገቢያው ቢቆም የሚመጣውን ነገር አንቺው ታውቂዋለሽ።

ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚሠራ ሲዲ ማጫወቻ ወይም ዴክ መብራት ሲጠፋ ያው ዝም ይላል። በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ትልቅ ቴፕ ከሲዲ ጋር ካገኘሽ ይሠራልሻል፤ ግን ስድስት ወይም ስምንት ወፍራም ድንጋይ ይፈልጋል። ሲዲውን ለማሽከርከር ኃይል ስለሚወስድም ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል። ወጪው በየጊዜው ነው።

ትንሽ ስፒከር ግን በስልክ ቻርጀር ይሞላል። በቀላል ሒሳብ እንየው። 10,000 ሚሊአምፒር የሚል ትክክለኛ ፓወር ባንክ በውስጡ 37 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለው። በመንገድ የሚባክነውን ቀንሰሽ 24 ቢቀርሽ፣ 1,500 ሚሊአምፒር ባትሪ ያለውን ስፒከር አራት ጊዜ ያህል ይሞላልሻል። መብራት ሲመጣ ፓወር ባንኩን ትሞያለሽ፤ ሲጠፋ ከእሱ ትጠቀሚያለሽ።

ሙዚቃውን በስልክሽ ብቻ መስማት ግን አንመክርሽም። ስልክሽ የምትደዋወዪበት፣ ገንዘብ መድረሱን የምታረጋግጪበት፣ ችግር ሲመጣ እርዳታ የምትጠሪበት ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት የስልክሽን ባትሪ በዘፈን አትጨርሺው።

ሙቀት፣ አቧራና የባሕር አየር

ኤደን ባሕር ዳር ናት፤ አየሩ ጨውና እርጥበት አለው። የሲዲ ማጫወቻ መስታወት አቧራና እርጥበት ሲይዘው ሲዲው ይዘላል፣ "ዲስክ የለም" ይላል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ተጠርጎ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ፤ ሞተሩ ከደከመ ግን ማሠሪያው ከአዲስ ዕቃ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በኮምፒውተር የተቀዳ ባዶ ሲዲ ደግሞ ከፋብሪካ ታትሞ ከመጣው ይልቅ ፀሐይና ሙቀት ይጎዳዋል። መስኮት ላይ የተረሳ የተቀዳ ሲዲ ከጊዜ በኋላ ላይነበብ ይችላል።

ሚሞሪም እንከን አለው። ሲዲ ሲቧጨር አንድ ሁለት ዘፈን ይበላሽብሻል፤ ሚሞሪ ሲበላሽ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሄዳል። በመጠኑ የጥፍር ያህል ስለሆነም በቀላሉ ይጠፋል፤ ሲጠርጉ አብሮ ይጠረጋል። ስለዚህ የምትወጂውን ሁሉ በሁለት ቦታ ያዢ። የስፒከሩን ባትሪም ሙቀት ይገድለዋል፤ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጪው።

የድምፅ ጥራትስ?

እውነቱን እንናገር፦ ከፋብሪካ የወጣ ሲዲ ድምፁ ከተጨመቀ ፋይል ይበልጣል። ሲዲ ምንም ሳይቀነስ የተቀዳ ነው፤ በአንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። መካከለኛ ጥራት ያለው ኤምፒስሪ ደግሞ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ጥሩ ቴፕና ትልቅ ስፒከር ባለበት ሳሎን ልዩነቱ ይሰማል። በአንቺ ክፍል፣ በእጅ መዳፍ በምትያዝ ስፒከር ግን ያን ያህል አይለይም።

የሚለየው ከማን እንደተቀዳ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የኖረ፣ በጣም የተጨመቀ ፋይል ድምፁ የታፈነ፣ ክራሩም የሚጮህ ይሆናል። ሲዲሽን ስታስገለብጪ ጥራቱን 192 ወይም ከዚያ በላይ እንዲያደርጉልሽ ንገሪያቸው። ቦታ ትንሽ ይበልጥ ይወስዳል፤ ድምፁ ግን ያምራል።

ሲዲሽን ስታስገለብጪ ይህን ተጠንቀቂ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሲዲውን ኮምፒውተር ውስጥ ከትቶ፣ ፋይሎቹን ዝም ብሎ ወደ ፍላሽ መጎተት አይሠራም። የሚገለበጡት "ሲዲኤ" የሚባሉ ፋይሎች ናቸው። እነሱ ዘፈኑ ያለበትን ቦታ የሚጠቁሙ እንጂ ዘፈኑ ራሱ አይደሉም። ሲዲው ኮምፒውተሩ ውስጥ እያለ ይጫወታሉ፤ ቤት ስትደርሺ ባዶ ናቸው። እነሱን አምነሽ ሲዲውን ለሰው ከሰጠሽ ዘፈኑም ሄደ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሲዲ ማስገቢያ ባለው ኮምፒውተር ላይ "ወደ ኤምፒስሪ ቀይርልኝ" ማለት ነው። ሲጨርስ የፋይሉን መጠን እዪ፤ አንድ ዘፈን ጥቂት ሜጋባይት ካልሆነ አልተገለበጠም። ፍላሹን አውጥተሽ በራስሽ ስፒከር ወይም ስልክ ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም ዘፈን ጥቂት ሰምተሽ ነው የምትከፍዪው።

በሰው ኮምፒውተር ስታስገለብጪ ፎቶና የግል መልእክት ያለበትን ሚሞሪ አትስጪ። ባዶ ፍላሽ ያዢ።

የምትገዢ ከሆነ

ክሬተርም ሆነ ሼክ ኦስማን ገበያ ስትወርጂ እነዚህን አትርሺ፦

1. ዋጋውን ስትጠይቂ በየመን ሪያል ነው ወይስ በሳዑዲ ሪያል ብለሽ አረጋግጪ። ኤደን ውስጥ ሁለቱም ይነገራሉ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

2. የራስሽን ሚሞሪ ይዘሽ ሂጂ። ስፒከሩ አንብቦ ካልተጫወተ አትግዢ። ብዙ ርካሽ ስፒከር የሚያነበው እስከ 32 ጊጋባይት ብቻ፣ ኤምፒስሪ ብቻ ነው።

3. "512 ጊጋ" ወይም "1 ቴራ" የሚል ርካሽ ሚሞሪ ካዩሽ ተጠራጠሪ። የውሸት ሚሞሪ ብዙ ነው፤ መጠኑን ይዋሻል። ፋይል የተቀበለ ይመስላል፤ በኋላ ግን አይከፈትም። ለሙዚቃ 16 ወይም 32 ከበቂ በላይ ነው።

4. ብሉቱዝ ብቻ ያለውን አትምረጪ። ሚሞሪ ማስገቢያ፣ የፍላሽ ቀዳዳና የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው ይሻላል።

5. ሲዲ ማጫወቻ ካስፈለገሽ ፍላሽም የሚያነብ ምረጪ። ኤምፒስሪ የተሞላበትን ሲዲ ማንበቡንም ጠይቂ፤ የድሮዎቹ የሚያነቡት የሙዚቃ ሲዲ ብቻ ነው።

6. ደረሰኝ ተቀበዪ። የስልክሽ ካሜራ ላይም አንሺው። አንድ ቀን "ይህ ዕቃ የማን ነው?" ቢባል መልስሽ እሱ ነው።

በሰው ቤት እንደምትኖሪ አትርሺ

ብሉቱዝ አንድ አደጋ አለው። ስልክሽ ከስፒከሩ ጋር ተገናኝቶ እያለ ሰው ቢደውልልሽ ወይም የድምፅ መልእክት ብትከፍቺ፣ ድምፁ በስፒከሩ በኩል ለቤቱ ሁሉ ይሰማል። ስለ ደመወዝሽ፣ ስለ ጤናሽ፣ ስለ ቤተሰብሽ የምታወሪው ነገር የአንቺ ብቻ ነው። በሚሞሪ ካጫወትሽ ግን ይህ ችግር የለም። ብሉቱዙን ስትጨርሺ አጥፊው።

ስፒከሩን ከገዛሽ ቀን ጀምሮ ለማዳም አሳያት፤ "የራሴ ነው፣ በራሴ ገንዘብ ገዛሁት" በያት። ተደብቆ የተገኘ ዕቃ ጥርጣሬ ያመጣል። የተሰጠሽ አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ካለ ደግሞ፣ ስጦታ መሆኑን በመልእክት እንድትጽፍልሽ በጨዋ ቃል ጠይቂያት። በመውጫሽ ቀን ሻንጣሽ ሲፈተሽ ክርክር እንዳይነሣ ነው።

በአዛን ሰዓት፣ በረመዳን፣ ቤቱ ኀዘን ወይም እንግዳ ሲኖረው ድምፁን ቀንሺ ወይም ዝጊው። በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሚም አንዱን ጆሮሽን ክፍት ተዪው። ሕፃን ሲያለቅስ፣ ጋዝ ላይ ያለው ድስት ሲፈላ፣ ሰው ሲጠራሽ መስማት አለብሽ።

ከዘፈን የሚበልጠው ፋይል

ብዙዎቻችን ስልካችን ውስጥ ከማንኛውም ዘፈን የሚበልጥ ነገር አለን፦ የእናት ምርቃት፣ የልጅ የመጀመሪያ "እማዬ" የሚል ድምፅ፣ ያረፈ ወንድም የላከው የድምፅ መልእክት። ስልኩ ቢሰበር፣ ቢወሰድ ወይም ቢጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሲዲ ለዚህ አይሆንም፤ ፋይል ግን ይሆናል።

የድምፅ መልእክቶቹን አንድ በአንድ መርጠሽ ቴሌግራም ላይ "ሴቭድ ሜሴጅስ" ወደሚለው ወደ ራስሽ ገጽ ላኪያቸው፤ አገር ቤት ለምታምኛት እህትሽም አንድ ቅጂ ይድረሳት። የዋትሳፕ ድምፅ የተቀመጠበት ፋይል ኤምፒስሪ ስላልሆነ ትንሹ ስፒከር ላያነበው ይችላል፤ ያ ማለት ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ስልክ ላይ ይከፈታል። የሙዚቃውን ሚሞሪና የፓስፖርት፣ የውል ፎቶ ያለበትን ሚሞሪ ደግሞ ለየብቻ ያዢ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፍሻል።

ከየት ይገኛል?

ኢንተርኔት ከፍቶ መስማት በድምፅ ብቻ ከሆነ በመካከለኛ ጥራት በሰዓት 60 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ቪዲዮ ከሆነ ግን ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ክሊፕ እያሳየሽ መስማት ካርድሽን ይጨርሳል። አውታር የተባለው መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን ሙዚቀኞች ተሳትፎ የተጀመረ ሲሆን፣ ሰዋስውም አለ። የዘፋኞቻችን ሥራ በሕግ የተጠበቀ ነውና መክፈል ከቻልሽ ከእነሱ መግዛት መልካም ነው። ከእንዲህ ዓይነት መተግበሪያ የወረደ ዘፈን ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው መተግበሪያው ውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ወደ ስፒከሩ ሚሞሪ አይገለበጥም። ከማይታወቅ ቦታ "ነፃ ሙዚቃ ማውረጃ" ተብሎ የሚላክልሽን መተግበሪያ አትጫኚ፤ ስልክሽ ውስጥ ያለውን ሊሰርቅ ይችላል።

እንግዲህ የቱን ትመርጫለሽ?

የራስሽ ቤት ተከራይተሽ የምትኖሪ፣ ብዙ ሲዲ ያለሽ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ እንዲሰማሽ የምትፈልጊ ከሆነ፣ ፍላሽም የሚያነብ ሲዲ ማጫወቻ አይከፋም። በአሠሪ ቤት የምትኖሪ ከሆነ ግን ሚሞሪ የሚያነብ ትንሽ ስፒከር ያዋጣሻል። ቦታ አይይዝም፣ መብራት ሲጠፋ አያቆምም። ቤት መቀየር ወይም በድንገት ወደ አገር መመለስ ቢመጣብሽም ሚሞሪውን ከፓስፖርትሽ ጋር በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዘሽ ትወጫለሽ። ሲዲሽን ትተሽ ብትሄጂ እንኳ ዘፈንሽ ከአንቺ ጋር ነው።