ከካርድ ክፍል እስከ ሰርቨር፦ የሕክምና መዝገብ ታሪክ በጉለሌ

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የተዘረጋው ጉለሌ በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ አለው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የተቋቋመውና ስሙንና ኃላፊነቱን እየለወጠ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለመሆን የበቃው የፓስተር ኢንስቲትዩት መቀመጫው እዚሁ ነው። በአቅራቢያውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ድጋፍ ለድሆች መታከሚያ እንዲሆን ያሠሩትና በ1960ዎቹ መባቻ ሥራ የጀመረው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ በሚወስደው አቅጣጫ ደግሞ ለረጅም ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ የኖረው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። እነዚህ ተቋማት የተሰማሩበት ሥራ የተለያየ ቢሆንም፣ ሁሉም በአንድ ነገር ላይ የቆሙ ናቸው፤ እርሱም ስለ አንድ ሰው ጤና ትናንት የተጻፈው ነገ ሲፈለግ መገኘቱ ነው።

ይህን ኃላፊነት የተሸከመው ካርድ ክፍል ነበር። ታካሚው ከሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት ካርድ ያወጣል፤ ስሙ፣ የአባቱና የአያቱ ስም፣ ዕድሜውና አድራሻው በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ የተጻፈባትን ትንሽ ካርድ ይዞ ይሄዳል፤ በተመለሰ ጊዜ ሠራተኛው በዚያ ቁጥር ከመደርደሪያ ላይ ፋይሉን አውጥቶ ወደ ምርመራ ክፍል ይልካል። ትንሿ ካርድ ከጠፋች ፍለጋው በስም ይሆናል፤ በስም ካልተገኘም አዲስ ካርድ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ የአንዱ ሰው የሕመም ታሪክ ለሁለት፣ አንዳንዴም ለሦስት ይከፈላል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. ግድም የጤና መረጃ ሥርዓቱን ሲያሻሽል ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፎልደር ብቻ እንዲኖረው፣ በስም የሚፈለግበት ማውጫ እንዲዘጋጅ፣ ፎልደሩ ከመደርደሪያ ሲወጣም ወዴት እንደሄደ የሚያመለክት ትሬሰር ካርድ በቦታው እንዲተካ የደነገገው ይህን መከፋፈል ለማስቀረት ነው። ሥርዓቱ በወረቀት የሚሠራ ቢሆንም በሚገባ የታሰበበት ነበር፤ ኋላ የመጣው ኮምፒውተርም ከሁሉ አስቀድሞ መማር የነበረበት ከዚህ ሥርዓት ነው።

የወረቀቱን አቅም የፈተኑት ረጅም ክትትል የሚጠይቁ ሕመሞች ናቸው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ በመሆኑ በየወሩ የሚጨመረው ጽሑፍ ፎልደሩን ያሳብጠው ጀመር። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በ2001 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ የአንድ ሕመምተኛ ሕክምና አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ይወስድ ስለነበር፣ አንዲት የላቦራቶሪ ውጤት መጥፋቷ የመድኃኒት ምርጫን እስከማሳሳት ትደርስ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ወደ እንጦጦ ጸበል ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ሕሙማን ሲሆኑ፣ ካርዳቸው ግን በመጡበት ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ሲከፈት ደግሞ ዕድሜ ልክ ክትትል የሚሹ ታካሚዎች ዘርፍ በዚህ ላይ ተጨመረ።

ተመሳሳይ ችግር በጎረቤት አገርም መፍትሔ ይፈለግለት ነበር። በምዕራብ ኬንያ በሞሶሪዮት ጤና ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው አነስተኛ የኮምፒውተር መዝገብ በኤልዶሬት አካባቢ እየበዛ የመጣውን የኤች አይ ቪ ታካሚ ሊሸከም ባለመቻሉ፣ በአሜሪካ የሬገንስትሪፍ ኢንስቲትዩትና የፓርትነርስ ኢን ሄልዝ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ኦፕን ኤም አር ኤስ የተባለውን ሶፍትዌር መሥራት ጀመሩ፤ በ2006ም ኤልዶሬት ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሶፍትዌር ኦፕን ሶርስ ነው፤ ይኸውም የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊገለበጥ፣ ሊመረመርና ሊሻሻል የሚችል ማለት ነው። ኢትዮጵያ በመጀመሪያ የሄደችበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር፤ በዛምቢያ የተሠራውና በማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂ ላይ የተገነባው ስማርት ኬር በቱሌን ዩኒቨርሲቲ የቴክኒክ ድጋፍ ለአገሩ እንዲስማማ ተደርጎ በበርካታ ሆስፒታሎች ተተከለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ በአምስት ሆስፒታሎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ባለሙያዎች ኮምፒውተሩን ከወረቀቱ ጎን ለጎን ይጠቀሙ እንደነበርና በሥርዓቱ የረኩትም ጥቂቶች እንደነበሩ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ወደ ኦፕን ሶርስ አዘነበለ፤ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የአገሪቱ የጤና ሪፖርት መሰብሰቢያ ሲሆን፣ በኦፕን ኤም አር ኤስ ላይ የተገነባውና ከሕንድ የተነሣው ባህምኒም ወደ መንግሥት ሆስፒታሎች መግባት ጀመረ።

ሶፍትዌሩ በነጻ መገኘቱ ተከላው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ኦፕን ኤም አር ኤስ ብቻውን የሚቆም ፕሮግራም ሳይሆን በሌሎች ሦስት ፕሮግራሞች ላይ የተደገፈ ነው፤ እነርሱም ኮዱን የሚያስኬደው ጃቫ፣ ገጾቹን ለኮምፒውተሮች የሚያቀርበው ቶምካትና መረጃውን የሚያከማቸው ማይ ኤስ ኪው ኤል ናቸው። የእነዚህ ሁሉ የእትም ቁጥር እርስ በርሱ ካልተጣጣመ ሥርዓቱ ጨርሶ አይነሣም፤ ጫኚው የሚያየውም ባዶ ገጽ ወይም ትርጉሙ ያልተብራራ የስሕተት ቁጥር ብቻ ይሆናል። አዲሱ ጃቫ ይሻላል በሚል ግምት የቅርቡ እትም ሲጫን ለአሮጌ ጃቫ የተጻፈው ሶፍትዌር እንቢ ይላል፤ በቀድሞዎቹ እትሞች ደግሞ ተጨማሪ ሞጁሎች በተጫኑ ቁጥር ለጃቫ የተመደበው የማስታወሻ ቦታ ሞልቶ ሥርዓቱ በሥራ መካከል ይወድቅ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ችግር መልሱ ሎግ በሚባለው፣ ሶፍትዌሩ የሚያከናውነውን ሁሉ በሚመዘግብበት ፋይል ውስጥ ይገኛል፤ ሎግ ማንበብ የሚችል ባለሙያ የሌለው ሆስፒታል ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ደግሞ ይጭናል፤ አንዳንዴም በዚህ ሂደት የተመዘገበውን የታካሚ መረጃ ያጣል።

እነዚህ ችግሮች በየትኛውም አገር ያጋጥማሉ። በጉለሌ ላሉት ዓይነት ሆስፒታሎች የሚከብዱት ግን ሶፍትዌሩ በተሠራበት አገር ከቶ ያልታሰቡት ናቸው፤ ከእነዚህም የመጀመሪያው መብራት ነው። ኦፕን ኤም አር ኤስ ወደ አዲስ እትም ሲሻገር የዳታቤዙን፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻውን፣ ቅርጽ ደረጃ በደረጃ የሚለውጥ ሊኩቤዝ የሚባል መሣሪያ አለው፤ መሣሪያው ሥራውን ሲጀምር ሌላ ኮምፒውተር በተመሳሳይ ሰዓት እንዳይገባበት ዳታቤዙ ውስጥ የመቆለፊያ ምልክት ያኖራል፤ ሲጨርስም ያነሣዋል። በዚህ መካከል መብራት ከጠፋ ቁልፉ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ሰርቨሩ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የተጫነበት ዋና ኮምፒውተር፣ ዳግመኛ ሲበራ ሶፍትዌሩ ሌላ ኮምፒውተር በሥራ ላይ ያለ መስሎት ይጠብቃል እንጂ አይነሣም። ቁልፉን በእጅ ማንሣት ይቻላል፤ ይሁንና ማይ ኤስ ኪው ኤል ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ የቅርጽ ለውጥን ወደ ነበረበት ስለማይመልስ፣ ጠንቃቃው መንገድ ከማሻሻያው በፊት የተወሰደውን ቅጂ መልሶ ሥራውን እንደገና መጀመር ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግድቦች ውኃ ማነስ ምክንያት መብራት በፈረቃ ይታደል በነበረበት ወቅት፣ ባትሪው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚቆይ ዩፒኤስ ተማምኖ እንዲህ ያለውን ማሻሻያ መጀመር አደገኛ ነበር።

ከመብራት ይልቅ የጠለቀው ችግር የጊዜ አቆጣጠር ነው። ጃቫን ከማይ ኤስ ኪው ኤል ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ በአንዳንድ እትሞቹ የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት በምኅጻረ ቃል ሲያገኝ ለይቶ ባለማወቁ ግንኙነቱን ይከለክል ነበር፤ ስለዚህ በሌላ ቦታ ያለ ችግር የሚነሣው ሶፍትዌር በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢና በካምፓላ አይነሣም ነበር። መፍትሔው የሰዓት ክልሉን በግልጽ የአዲስ አበባ ብሎ መጻፍ ነው። ብዙዎች ግን ችግሩን ለማምለጥ በዓለም አቀፉ የማጣቀሻ ሰዓት ይተኩታል፤ ይህ በጥንቃቄ ካልተደረገ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀርና ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ በድንገተኛ ክፍል የተመዘገበ ታካሚ በትናንቱ ቀን እንደመጣ ሆኖ ይታያል። ነርሷ ሰዓትን ከማለዳ ጀምራ የምትቆጥር፣ ሶፍትዌሩ ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር መሆኑ ሲታከልበት የመድኃኒት መስጫ ሰዓት መዛባቱ የሚያስፈራ ነው።

የዓመቱም ነገር እንዲሁ ነው። የልደት ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተናገረ ሰው ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በተዘጋጀ ቦታ ላይ እንዳለ ከተጻፈለት ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጨምራል፤ ለአዋቂ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ የአንድ ዓመት ሕፃን ግን የ8 ወይም የ9 ዓመት ልጅ ሆኖ ይመዘገባል። በጳጉሜን የተወለደውንማ አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቀው ሶፍትዌር ጨርሶ አይቀበለውም። ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር በውስጡ ይዟል፤ ነገር ግን ምርጫው መረጃ መግባት ከመጀመሩ በፊት በተከላ ጊዜ መወሰን አለበት።

ስምና ፊደልም ከዚህ የሚለዩ አይደሉም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ቢገባም፣ ማይ ኤስ ኪው ኤል እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ ያለ ልዩ ትእዛዝ የሚነሣው በምዕራብ አውሮፓ ፊደል ነበር። ጫኚው ይህን ካልለወጠ በአማርኛ የተጻፈው ስም የጥያቄ ምልክቶች ድርድር ሆኖ ይቀመጣል፤ ቅንብሩ ኋላ ቢስተካከል እንኳ ቀድሞ የገባው ስም አይመለስም። ፊደሉ ተስተካክሎም ኃይሉን በሃሌታው ሀ የጻፈው ሠራተኛና በብዙኃኑ ኀ የሚፈልገው ሠራተኛ አይገናኙም። ሶፍትዌሩ የቤተሰብ ስም በሚጠይቅበት ቦታ ላይ አንዱ ሆስፒታል የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ሲያስገባ ደግሞ በካርድ ክፍሉ ዘመን የነበረው የአንድ ሰው ለሁለት መከፈል በአዲስ መልክ ይመለሳል።

የመጨረሻው ችግር ከሩቅ የሚመጣው አቅርቦት ነው። ባህምኒ በመጀመሪያ የሚጫነው ሴንት ኦኤስ 6 በተባለ የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እትም ላይ ሆኖ፣ አብዛኞቹን ክፍሎቹን በተከላው ሰዓት ከኢንተርኔት የሚያወርድ ነበር። የዚያ እትም ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ ሲያበቃ የማውረጃ አድራሻዎቹ ወደ ቤተ መዛግብት ተዛወሩ፤ ትናንት የሠራው የተከላ ትእዛዝም ምንም ሳይነካ መሥራቱን አቆመ። በዚያው ዓመት፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር ሲታሰብ፣ የሁሉንም ክፍሎች ቅጂ በሆስፒታሉ ውስጥ ሳያስቀምጡ ተከላ መጀመር ስሕተት እንደነበረ ግልጽ ይሆናል።

ከእነዚህ ችግሮች መካከል በአገር ውስጥ ባለሙያ ሊፈታ የማይችል የለም፤ ኮዱ ክፍት ነውና። ሆኖም መፍትሔው በአብዛኛው የሚኖረው በፕሮጀክት ተቀጥሮ የመጣው ባለሙያ ዘንድ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እርሱም ይሄዳል፤ ተተኪውም ያንኑ ቁልፍ፣ ያንኑ የሰዓት ስሕተት፣ ያንኑ የጥያቄ ምልክት እንደ አዲስ ይጋፈጣል። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርም ሆነ ሆስፒታሎቹ ለእያንዳንዱ ሰርቨር የተከላ መዝገብ በአማርኛ ይክፈቱ፤ የተጫነው እትም፣ የደረሰው ብልሽትና የተሰጠው መፍትሔ ከነቀኑ ይጻፍበት፤ መዝገቡንም የሚጠብቅ ቋሚ ሠራተኛ ይመደብለት።