የእንዶድ ሁለት ጫፍ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ከምሴ የሚወርድ ሰው የቦርከናን ወንዝ እየተከተለ ይወርዳል፤ ብርዱ እየቀረ፣ ወበቁ እየበረታ ይሄድና ኋላ የጨፋ ሜዳ ተዘርግቶ ይታየዋል፤ በበጋ ኦሮሞው፣ አፋሩና አርጎባው ከብቱን የሚያሰማራበት ለምለም ረግረግ ነው። ያ ውሃ ሕይወት ነው። ግን እንዲህ ባለ ዝግ ብሎ በሚሄድ ውሃ ዳር ቀንድ አውጣ አይጠፋም፤ በአንዳንዱ ቀንድ አውጣ ሆድ ደግሞ የብልሃርዚያ ትል ያድግና፣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የሚንቦጫረቀውን ልጅ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል።

የዚህ ጠላት መድኃኒት ወሬ ግን የሚጀምረው አድዋ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ፍሬ ልብስ ሲያጥቡ አየ፤ ከዚያ አረፋውን ተከትሎ ወረደና በቁልቁሉ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኛቸው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቤተ ሙከራ ገባ፤ ኬሚስቶች መርዞቹን ለይተው አንዱን በእሱ ስም ለማቶክሲን አሉት፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። መርዙ ሳፖኒን ነው፤ ዘይት የሚወድ አጽም አለው፣ በአጽሙ ላይ ውሃ የሚወድ ስኳር ተንጠልጥሏል፤ አረፋውም እድፍ ማስለቀቁም ከዚህ ነው። ባልተወቀጠው ፍሬ ግን ሞለኪውሉ በሁለቱም ጫፍ ስኳር አለበትና፣ ሁለት እጁን እንደታሰረ ሰው ቀንድ አውጣውን ምንም አያደርገውም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም አንዱን ጫፍ ይፈታዋል፤ ያን ጊዜ ሞለኪውሉ የቀንድ አውጣውን ሕዋስ ሽፋን ይሰብራል። እናቶቻችን በሙቀጫ የሠሩት ይህንኑ ነው፤ በእኔ ፍርድ የግኝቱ እኩሌታ የእነሱ ነው!

ስለዚህ ዛሬ አንድ ኬሚስት የማያውቀውን ሳፖኒን ሥዕል ቢያሳዩት፣ ገና ቀንድ አውጣ ላይ ሳይሞክረው ስኳሮቹ በአንድ ጫፍ ናቸው ወይስ በሁለት ብሎ ይመለከትና ይገድል አይገድል እንደሆነ ይገምታል። ኮምፒውተርም ከተሞከሩ ሞለኪውሎች ተምሮ እንዲሁ ይገምታል፤ ግምቱ ግን ያለ ሙከራ አይታመንም። ደግሞም ሽፋን የሚሰብር ቅርጽ ቀንድ አውጣን ብቻ መርጦ አይነካም፤ ዓሣውንም ይገድላል፤ እንዶድ ወደ ውሃ የሚጨምር ሰው አስቀድሞ ከታች ማን ዓሣ እንደሚያጠምድ ይጠይቅ።